ጤነኛ ጤነኛውን አምጡ

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ፈንጣጣ ከወንዙ ማዶ ሦስት ቤት መግባቱ በተሰማ ሰሞን፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ገና በጠዋቱ ረጅም ሰልፍ ቆሞ ነበር፤ ከሰልፉም ፊት የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ አገሬው ሁሉ «ሲስተር» የሚላት፣ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌዎቿን ቀቅላ፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በመጀመሪያው ዙር የቀሩትን ልጆች ትከትባለች። ቁጡ ናት ይሏታል፤ ሐሜት አይደለም፤ ዳሩ ግን ቁጣዋ ከአፏ አያልፍም።

የሸማኔው ሚስት ተራዋ ሲደርስ አንዲት ልጅ አቅርባ በታናሺቱ ልጇ ስም አስመዘገበች። የልጅቱ ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል፤ እጅጌውም ጠቧታል። ሲስተር ግራ ክንዷን ብትገልጥ፣ ከስምንት ቀን በፊት ራሷ የወጋችው ቦታ ውሃ ቋጥሮ አገኘችው፤ የቀረበችው ታላቂቱ ነበረች። ታናሺቱ የት እንዳለች ቆጣ ብላ ጠየቀች።

እናትየው አንገቷን ደፋች።

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሲስተር፣ ጤነኛ ጤነኛውን አምጡ ያሉን? የእኔዋ ከተወለደች ጀምሮ አቅም የላትም፤ መርፌው የሚገድልብኝ መሰለኝ። ስሟ ከመዝገብ እንዳይጎድል ብዬ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሲስተር በዚያ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት ያለበት ይቆይ ለማለት ፈልጋ፣ በችኮላ እንዲያ ብላ ነበር። መርፌውን አስቀመጠች፤ በሰልፉ ሁሉ ፊትም ብድግ አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እህቴ። መርፌው ከሁሉ በፊት ለደካማዋ ነው። ሄደን እንያት፤ ትኩሳት ከሌላት አንቺው አቅፈሻት እወጋታለሁ።»

ቤት ሲደርሱ፣ ከሸማኔው የሽመና ዕቃ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች የሦስት ዓመት ልጅ አገኙ፤ ክንዷ ከሲስተር አውራ ጣት እምብዛም አይወፍርም። ሲስተር ግንባሯን ዳሰሰች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ከዚያም በእናቷ እቅፍ ውስጥ ቀስ ብላ ወጋቻት። ልጅቱ ትንሽ ተነጫንጫ ዝም አለች፤ የሲስተር ዓይን ግን እንባ አቀረረ፤ አዘነች፣ አፈረችም። ተከትላቸው የመጣች ጎረቤት ይህን አይታ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እኔም አንድ አለኝ» አለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከየጓዳው አሥራ ዘጠኝ ልጆች ወጥተው ተከተቡ።

ፈንጣጣ በሚያዝያ ወንዙን ተሻገረ፤ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱንም አልነካም።

የጤና መሥሪያ ቤቱ የዚያ ዓመት ሪፖርት ዛሬም አለ፤ «ሕዝቡ ባለማወቅ ልጆቹን ይደብቅ ነበር፤ በተሰጠው ትምህርት ታርሟል» ይላል። ሲስተር በእጇ ጽፋ በላከችው ላይ ግን «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ እናቶቹ ያልኋቸውን ነው የፈጸሙት» የሚል መስመር ነበረ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ለእርሷው ክብር አስቦ፣ ሰርዞታል።