የሰሜኖች የመጀመሪያ ምርጫ

ኳሷ ሽቅብ ወጥታ ነፋሱ ላይ ስትንጠለጠል ብሪዲ ልክ ከሥሯ ነበረች። ዓይኗን ከኳሷ ሳትነቅል እጆቿን ዘረጋች፤ ልትዘል ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች። ያኔ ከኋላዋ እርጥቡን አሸዋ እየመታ የሚሮጥ የባዶ እግር ድምፅ ሰማች። ወዲያው ትከሻዋ ላይ የሰው ጉልበት አረፈባት።

ክብደቱ ለቅጽበት ብቻ ቆየና ጠፋ። ብሪዲ ወደ ፊት ተንገዳግዳ ስታጎነብስ አሸዋው ላይ የራሷን ጥላ አየች። ከጥላዋ ውስጥ ሌላ ጥላ ተመዝዞ ወጣ፤ ረዘመ፣ አሁንም ረዘመ፣ ከዚያ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ ኳሷን ያዘና እዚያው ላይ የቀረ መሰለ። ባሕሩ ዳር ማዕበል የተፋውን የባሕር አረም ለሽያጭ ሲጎትቱ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

ልጅቷ ስትወርድ በጎኗ ተዘረረች። ኳሷን ግን እንደ ሕፃን አቅፋታለች። አፏ የገባውን አሸዋ እየተፋች ተነሳችና «ይቅርታ አቴ፣ አመመሽ?» አለች።

አቴ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ልጅቷ ሊጋያ ማናሎ ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ግን ከብሪዲ ይበልጣል። አባቷ አይብ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከፊሊፒንስ ወደ ደሴቲቱ ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም። በአገሯ ከወንድሞቿ ጋር ቅርጫት ኳስ እንጂ ይህን እንደ እንቁላል የሞለለ ኳስ ነክታ አታውቅም። በደሴቲቱ ጨዋታ ኳሷ በእግር ትመታለች፣ በእጅ ትያዛለች፤ ለመያዝም ሌላ ተጫዋች ትከሻ ላይ መውጣት ይፈቀዳል። ብሪዲ ትከሻዋን እያሻሸች ደህና ነኝ አለቻትና ኳሷን አሸዋው ላይ አብረዋቸው ወደሚጫወቱት ልጆች እንድትመልስ ነገረቻት። ሊጋያ በቅልጥሟ መታቻት። ኳሷ ወደ ጎን ተስፈንጥራ ባሕሩ ውስጥ ገባች፤ የአንዱ ዓሣ አጥማጅ ውሻ ዋኝቶ አወጣት። ሁሉም ሳቁ፤ ሊጋያም ሳቀች።

ያልሳቀው ኔቪል ብቻ ነበር። ኔቪል ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ በወጥመድ ያጠምዳል፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜው የሰሜን ሰፈር ታዳጊዎችን ያሠለጥናል። አረም የተጠመጠመበትን ገመድ እንደያዘ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ልጅቷ አየር ላይ የነበረችበትን ባዶ ቦታ ይመለከት ነበር።

ደሴቲቱ ላይ ሦስት መንደር፣ ሦስት ቡድን ነው ያለው፦ ወደብ፣ ማዕድንና ሰሜን። የማዕድኑ ጉድጓድ ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን ቀረ። ልጅ ስለሚያንስ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ይጫወታል፤ ሦስቱ ቡድኖች ክረምቱን ሙሉ እርስ በርስ እየተገጣጠሙ ይከርማሉ። ብሪዲ የሰሜን አምበል ናት። ሰሜን ደግሞ ካሸነፈ ሁለት ክረምት አልፎታል። ያሸነፈ ቡድን መልበሻ ክፍል ገብቶ፣ ተቃቅፎ፣ የቡድኑን መዝሙር በጩኸት ይዘምራል፤ ሳያሸንፉ መዘመር ነውር ነው። ስለዚህ ከሰሜን ልጆች ትንንሾቹ የገዛ ቡድናቸውን መዝሙር ግጥም አያውቁትም።

ለተሸናፊ የተተወች አንዲት መጽናኛ አለች። በዓመቱ ወደ ደሴቲቱ አዲስ ልጅ ከመጣ መጀመሪያ የሚመርጠው መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው። የሚመርጡት ደግሞ አሠልጣኞቹ አይደሉም፤ አምበሎቹ ናቸው። ተጫዋቾቹ ከተስማሙ የመምረጡን ተራ ለሌላ ቡድን ለቅቆ በምትኩ የዚያን ቡድን ልጆች በዝውውር መውሰድም ይቻላል። ዘንድሮ አዲስ የመጣችው ሊጋያ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ የወደቡ አምበል ሃሚሽ በብስክሌቱ እስከ ብሪዲ ቤት ድረስ መጣ። ብሪዲ ላሞቹን ወደ ማለቢያው እያስገባች ነበር። ሃሚሽ ነገር ማዞር አይወድም። እሱም ባሕሩ ዳር ነበር፤ ዝላዩን አይቷል። የሰሜንን ምርጫ ለወደብ ከለቀቀችለት የፖሎክ መንትዮችን እሰጥሻለሁ አላት፤ አነጋግሯቸው እሺ ብለዋል።

ብሪዲ የያዘችው ባልዲ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የፖሎክ መንትዮች በር የሚያክሉ ልጆች ናቸው። አንደኛው ኳስ ሲጠልዝ ከሜዳው አጋማሽ ያደርሳታል፤ ሌላኛው ከያዘ የሚያስለቅቀው የለም። እነሱ ወደ ሰሜን ከመጡ ሰሜን በመጀመሪያው ሳምንት ያሸንፋል።

«እንዲህ ከሆኑ ለምን ትለቃቸዋለህ?» አለችው።

«ልጅቷ ዘንድሮ አትጠቅምም። ኳስ መምታት አትችልም፣ ሕጉን አታውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የሚያቆማት የለም» አለ ሃሚሽ። የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እኛ መጠበቅ እንችላለን ብሪዲ። እናንተ ትችላላችሁ?»

ክፋት አልነበረውም። እውነቱን ነው። ብሪዲ ግን ላሞቹ ታልበው እስኪያልቁ ድረስ ያ ጥያቄ ከጆሮዋ አልወጣም።

ፔግ ሎቭል ሊጋያ በዘለለችበት እሑድ ደሴቲቱ ላይ አልነበረችም፤ ጥርሷን በሽቦ ለማሳሰር ባሕር ተሻግራ ዋናው ምድር ሄዳ ነበር። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ስትመጣ ብሪዲ ሁሉንም ነገረቻት። ፔግ የብሪዲ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ለሰሜን ከተሰለፈች ጀምሮ አንድ ጨዋታ አላመለጣትም፣ አንድም አላሸነፈችም። የመንትዮቹን ስም ስትሰማ አዲሱ የጥርሷ ሽቦ እስኪታይ ድረስ አፏን ከፈተች።

«እና ምን መለስሽለት?»

«ላስብበት አልኩት።»

«ምኑን ነው የምታስቢው? አቦ ብሪዲ፣ ሙድ አትያዢብኝ።»

ብሪዲ ስለ ዝላዩ ልታስረዳት ሞከረች። ክብደቱ እንዴት እንደቀለለ፣ ጥላው እንዴት ከጥላዋ እንደወጣ። ስታወራው ተራ ነገር ሆነባት፤ ቃላቱ ከአፏ እየወጡ ይሟሽሻሉ። ፔግ እስክትጨርስ ጠበቀች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለቻት። «ልጅቷ በደረሰች ጊዜ እኔና አንቺ የት ነን?»

ይህን ብሪዲም አልረሳችውም። የደሴቲቱ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ባሕር ተሻግረው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ይህ የመጨረሻ ክረምታቸው ነው።

ኔቪልንም አማከረችው። ጀልባው ላይ ወጥመድ እየጠገነ ነበር። ምርጫው የአምበሏ ነው፣ እኔ ውሃና ፎጣ ነው የምሸከመው ብሎ መልስ ሊነፍጋት ሞከረ። ስትሄድ ግን ጠራት። እንደዚያ ያለ ዝላይ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንዳየ ነገራት፤ የዘለለውም የተቃራኒው ቡድን ልጅ ነበር፤ የእነ ኔቪል ቡድንም በዚያ ቀን ዋንጫውን አጣ። ማን ስንት አግብቶ እንዳለቀ ዛሬ አያስታውስም። እዚያ ተገኝቶ በማየቱ ግን እስካሁን ደስ ይለዋል። ይህን ብሎ ወደ ወጥመዱ አጎነበሰ። ምክር ይሁን አይሁን ብሪዲ ሊገባት አልቻለም።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ብሪዲ ሊጋያን ከእነ ብሪዲ ቤት ጀርባ ወዳለው የግጦሽ መስክ ወስዳ ኳስ አመታት ታሳያት ጀመር። ኳሷን እንዴት አድርጋ ከእጇ እንደምትለቃት፣ እግሯን የት ላይ እንደምታሳርፍ። ሊጋያ አሥር ጊዜ ሞክራ አንዱ ቢቃናላት ነው። ላሞቹ እያመነዠኩ ይመለከቷቸዋል። እረፍት ሲያደርጉ ብሪዲ ለየትኛው ቡድን መጫወት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ሊጋያ ትንሽ አሰበች።

«ወደብ ከሄድኩ አንቺ ላይ ነው የምወጣው?»

«እኔ ከሥር ከቆምኩ፣ አዎ።»

«እንግዲያው ቀስ ብዬ እወጣለሁ፣ አቴ።»

ብሪዲ እየሳቀች ሳለ ፔግ አጥሩን ዘልላ መጣች። ብሪዲ ነበረች ነይ ያለቻት፤ መምጣቷን ግን ተጠራጥራ ነበር። ፔግ ለሊጋያ ሰላምታ ሰጠቻት፣ ኳሷን ከሣሩ ላይ አነሳች፣ ነፋሱን በጉንጯ ለካች። ከሦስቱም አጥርታ የምትመታው እሷ ናት። ብሪዲ መስኩ መሀል ሄዳ፣ ሆን ብላ፣ ጀርባዋን ለሊጋያ ሰጥታ ቆመች።

ኳሷ ወጣች። ከዋክብት ልትነካ የሄደች እስኪመስል ወጣች። ብሪዲ እግሮቹ ሣሩን እየቀደዱ ሲቃረቡ ሰማች፤ ጉልበቱ ትከሻዋን ረገጠ፤ ክብደቱ መጣ፣ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ቀና አለች። ከራሷ በላይ የሊጋያ ጭቃ የለበሰ እግር መርገጫ ሳይፈልግ አየር ላይ ቆሟል፤ ከእግሩ በላይ ሹራቧ በነፋስ ተነፍቷል፤ ከሁሉ በላይ ሁለት እጆች ኳሷን ከግራጫው ሰማይ ላይ እንደ ፍሬ ቀጠፏት።  የሰው ልጅ ይህን ያህል ከመሬት መራቅ እንደሚችል፣ ለዚያውም ከእሷ ትከሻ ተነስቶ፣ ዓይኗ እያየ ልቧ አላመነም።

ስትመለከት ፔግ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ሣሩ እርጥብ መሆኑን ያስተዋለች አትመስልም።

«እንደገና» አለች ፔግ በቀስታ።

ደግመው ደጋገሙት። የብሪዲ ትከሻ እስኪዝል፣ ኳሷ በምሽቱ ብርሃን ለዓይን እስክታስቸግር ድረስ ፔግ እየመታች፣ ሊጋያ እየዘለለች። ሊጋያ ሁለቴ ኳሷን ስታ ፊቷን አፈር አስነካችው። ስትይዛት ግን መስኩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ከዚያ ብሪዲ ፔግን ልትሸኛት አብራት ወጣች።

«አሁንም መንትዮቹን ውሰጂ» አለች ፔግ እየሄዱ።

«አየሻት እኮ።»

«አየኋት። ወደብም ብትሄድ ትዘላለች። እዚያም ሆና እናያታለን።» ፔግ ቆመች። «እኔ አንድ ጊዜ አሸንፌ መዝሙሩን መዘመር ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ ብቻ። ይሄ ብዙ ነው?»

ብዙ አልነበረም። ብሪዲ የጓደኛዋን ክንድ ያዝ አደረገች፤ ከዚያ ተለያዩ።

ዓርብ ከሰዓት የሦስቱ ቡድኖች ልጆችና ወላጆች በወደቡ ሜዳ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የጡንቻ ቅባት ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። መንትዮቹ በሩ አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ሊጋያ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ትነጫለች። ፔግ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ጫማዋን እንጂ ሌላ አታይም።

ብሪዲ ምርጫዋን ልትናገር ተነሳች። ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ከጎኗ ወደ ጎኗ ስትገላበጥ ነው የሰነበተችው። መንትዮቹን ስታስብ የፔግ ፊት ይመጣባታል፤ ሲዘምሩ ታያታለች። ሊጋያን ስታስብ ግን የራሷም የፔግም ፊት የለበትም። የሚታያት ከዓመታት በኋላ አሸንፈው መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሚጨፍሩ፣ ዛሬ ጫማቸውን በራሳቸው ማሰር የማይችሉ ትንንሾች ናቸው፤ እሷ ግን መሀላቸው የለችም። አለመኖሯ ለምን እንደማያስከፋት ራሷን ጠየቀች። ትከሻዋ ላይ የመጣውና የሄደው ክብደት ብቻ ይታወሳታል።

«ሰሜን ዝውውሩን አልተቀበለም» አለች። «ሊጋያ ማናሎን መርጠናል።»

ሃሚሽ ትንፋሹን አስወጣና ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥሎ ከማንም በፊት ያጨበጨበው እሱ ነበር። የሊጋያ አባት ብድግ ብሎ ግራ ቀኙን እጅ ነሳ። ፔግ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ወጣች።

ብሪዲ ሜዳው ዳር ባለው የእንጨት አጥር ተደግፋ አገኘቻት። ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ ጸጉሯን ፊቷ ላይ ይበትነዋል። ብሪዲ ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ተወችው፤ ይቅርታ ብትል ውሸት ይሆንባታል። አጠገቧ ሄዳ አጥሩን ተደገፈች። ሁለቱም ባዶውን ሜዳ ተመለከቱ።

«እስከ ክረምቱ ድረስ ላላናግርሽ ወስኜ ነበር» አለች ፔግ።

«እና?»

«እና ማረፍ አትችልም።»

«ማን?»

«ማን ትላለች ደግሞ። ልጅቷ ናታ! ያንን ሁሉ ወጥታ ስትወርድ የምታስቀድመው እጇን ነው። አላየሽም? አንድ ቀን ክንዷ ይሰበርና አርፈን እንቀመጣለን።» ፔግ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መውጣቱንማ ማንም አላስተማራትም። መውረዱን ግን አንድ ሰው ማስተማር አለበት።»

የአዳራሹ በር ተከፈተና ሊጋያ ወጣች። የሰሜንን ማሊያ ሰጥተዋታል፤ ለቁመቷ ልክ ሲሆን ትከሻው ሰፍቷት ነፋሱ ያርገበግበዋል። ሁለቱን ስታይ ልምጣ አልምጣ ብላ አመነታች።

«ነይ እስቲ» አለቻት ፔግ። «አጥሩ ላይ ውጪና ወደዚህ ዝለዪ። እጅሽን ሳይሆን ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ።»

ሊጋያ አጥሩ ላይ ወጥታ ነፋሱን ተቋቁማ ቆመች። ፔግ በአንድ በኩል፣ ብሪዲ በሌላው በኩል እጃቸውን ዘርግተው ከሥሯ ቆሙ።