ቀዩ ዓምድ ለምን ረዘመ

«ወረቀቱ አለቀ!» አለች ፈትለወርቅ፣ ወንበር ላይ ቆማ ቀይ ማርከሯን እንደያዘች። «ዓምዱ ገና ነው፣ ወረቀቱ ግን አለቀ!»

ከታች ማስመሪያውን ደግፋ የያዘችው ትዝታ ቀና ብላ አየች። እውነትም የመጨረሻው ዓምድ የወረቀቱን ጫፍ ነክቶ ቆሟል። ከጎኑ ያሉት ስድስቱ እንደ ደረጃ እየረዘሙ መጥተው፣ ሰባተኛው ጣሪያውን ቀዶ የሚወጣ መስሏል። ሁለቱም ተያዩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ሌላ ወረቀት እንቀጥልበታለን» አለች ትዝታ። «እንዲያውም አሪፍ ነው። ያስደነግጣል።»

የተፈለገውም ማስደንገጥ ነበር። ቅዳሜ የዓለም ኤድስ ቀንን ምክንያት በማድረግ በእነ ትዝታ ከተማ በንፋስ መውጫ የሦስት ወረዳ ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ። ከእስቴ የመካነ ኢየሱስ ልጆች፣ ከስማዳ ደግሞ የወገዳ ልጆች ይመጣሉ። አሸናፊው ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ሥራውን ያቀርባል። ዘጠነኛ ክፍሎቹ ትዝታና ፈትለወርቅ የትምህርት ቤታቸውን የጤና ክበብ ወክለዋል። ትዝታ ቤተ መጻሕፍት ካለው ኮምፒውተር ላይ ዓለም አቀፉን ሪፖርት ከፍታ ቁጥሩን ቀዳች፤ ፈትለወርቅ ሦስት ቀን ሙሉ ሣለች። ከዓምዶቹ በላይ በትልቁ የተጻፈው አርእስት ግን የትዝታ ነው፦ «ኤድስ እያሸነፈን ነው!» ቃለ አጋኖዋ ብቻዋን የጣት ርዝመት አላት።

የሒሳብ መምህራቸውና የክበቡ አስተባባሪ መምህር በላይነህ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገቡና ሥዕሉን ከታች እስከ ላይ ተመለከቱት።

«ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት?»

«ከሪፖርቱ ነው መምህር» አለች ትዝታ። «በመላው ዓለም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ሰዎች በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ላይ ሃያ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በሁለት ሺህ ሃያ አራት ግን ከአርባ ሚሊዮን አልፈዋል።»

«ቁጥሩ ልክ ነው።» መምህር በላይነህ ዓይናቸውን አርእስቱ ላይ አሳረፉ። «ቁጥሩ ያላለውን ግን እናንተ ብላችሁለታል። እስቲ እንደገና እዩት።» ይህን ብለው ወጡ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለች ትዝታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። እሳቸው አንድ ነገር ቀጥ አድርገው ከተናገሩ የሚታመሙ ይመስላቸዋል» አለች ፈትለወርቅ፣ ከወንበሩ እየወረደች።

የንፋስ መውጫ ነፋስ ወረቀት አይወድም። ባለፈው ዓመት የክበቡን ሥዕል ከመድረክ ላይ ነጥቆ የጎረቤት ገብስ ክምር ላይ ጥሎታል። ስለዚህ ዘንድሮ ሥዕሉ አቡጀዲ ላይ እንዲሰፋ ተስማሙ። ፈትለወርቅ እናቷ ስለጠራቻት ቀድማ ሄደች፤ ትዝታ የተጠቀለለውን ወረቀት ታቅፋ እትዬ ስንዱ ዘንድ ገባች።

እትዬ ስንዱ የትዝታ ጎረቤት ናቸው። ከባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሳቃቸው ከስፌት መኪናው ድምፅ ቀድሞ ነው ከውጭ የሚሰማው። ልጃቸው ዳኛቸው አሥረኛ ክፍል ነው፤ በረኛ ነው፣ ያውም ኳስ እጁን የምትወደው ዓይነት።

«በስመ አብ! ይህን የሚያህል ቀይ!» አሉ እትዬ ስንዱ ወረቀቱ ሲዘረጋ። «ምንድን ነው፣ በርበሬ አምርታችሁ ነው?»

«ከኤድስ ቫይረስ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ነው፣ እትዬ። ይኸው፣ በየዓመቱ እየረዘመ መጣ።»

እትዬ ስንዱ መኪናውን እየረገጡ ጠርዙን መስፋት ጀመሩ። ጨርቁ እየተሳበ ሲመጣ አርእስቱ ዓይናቸው ሥር ገባ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እግራቸው ቆመ።

«ለምንድን ነው የረዘመው?»

«በሽታው ስለበዛ ነዋ።»

«እህ። እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። የዱሮው ሰው ዛሬም ቢኖር፣ አዲስ ሰው ደግሞ ቢጨመርበት፣ ቁጥሩ ምን ይሆናል?»

«ይጨምራል።»

«የዱሮው ሰው ቢሞትስ?»

ትዝታ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። ዓምዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ይቀንሳል» አለች በዝግታ።

«እንግዲያው እኔን አውጪኝና ዓምዱ ይጠርልሽ!» እትዬ ስንዱ ሳቁ። «ቫይረሱ ከተገኘብኝ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ መድኃኒቴን እየዋጥሁ፣ ይኸው በዚህ ቀይ ውስጥ ቆሜ ልብስ እሰፋለሁ። ሞቼ ቢሆን ኖሮ ደግ ሥዕል ይወጣልሽ ነበር!»

ወዲያው ሳቃቸው ተቋረጠ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ፣ ምን ነካኝ! አፌ አመለጠኝ።»

ትዝታ ከጨርቁ ላይ ቀና አለች። እኚህ ሴት ከተወለደች ጀምሮ የምታውቃቸው፣ ለጥምቀት ቀሚሷን የሰፉላት፣ እንዲያው በየሳምንቱ እነ ትዝታ ቤት የሚገቡ ጎረቤት ናቸው። የአንድም ቀን ሕመም አላየችባቸውም። አርእስቱን አየችና ፊቷ ጋለ። «እያሸነፈን ነው» ብላ የጻፈችው ከእትዬ ስንዱ ራስ በላይ ነበር።

«ይህን የሚያውቁ ባለቤቴ፣ የንስሐ አባቴና ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናቸው» አሉ እትዬ ስንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዳኛቸው አያውቅም። እሱ ነጻ ነው፤ መድኃኒቱን እየወሰድሁ ነው የወለድሁት፣ አልተላለፈበትም። ቀኑ ሲደርስ እኔው እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው እንዲሰማው ግን አልፈልግም። አደራሽን።»

«አደራዎን እጠብቃለሁ፣ እትዬ» አለች ትዝታ። በእሷ ዕድሜ ላለች ልጅ ይህ ቃል ከብዶ ተሰማት።

እትዬ ስንዱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ሥዕሉን አጣጥፈው አቀበሏት። «ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ስፌቴን የሚያህል የለም ብለሽ ተናገሪ!»

በማግስቱ ትዝታ ከምሳ ይልቅ ቤተ መጻሕፍት መረጠች። ሪፖርቱን እንደገና ከፍታ ባለፈው ያላየችውን ሰንጠረዥ ፈለገች። አገኘችው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት በኤድስ ምክንያት የሞቱት ከሁለት ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ስድስት መቶ ሠላሳ ሺህ ገደማ ሆነዋል። በዓመት አዲስ የሚያዙትም ቀንሰዋል። ዓምዱን ያስረዘመው ክኒን ነበር።

ፈትለወርቅ ይህን ስትሰማ የያዘችው ዳቦ አፏ ላይ ቀረ።

«ሦስት ቀን! ትዝታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሣልኩ! ነገ ዓርብ ነው!»

«ዓምዶቹ ይቆዩ። የሚቀየረው የእኔ አርእስት ነው። ከጎናቸው የሞቱትን ቁጥር በጥቁር እንጨምራለን፤ እሱ እያጠረ ይሄዳል።» ትዝታ አንድ ትንፋሽ ወሰደች። «ደግሞ የአገሮቹ ሥዕልም ተበላሽቷል።»

«እሱን ደግሞ ምን አገኘሽበት?»

በሥዕሉ ግርጌ አገሮች ተደርድረው ነበር። ናይጄሪያ ወደ ሁለት ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር ረጅም ዓምድ አላት። ትንሿ አገር ኤስዋቲኒ ደግሞ ቁጥሯ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ስለሆነ ምስር የምታህል ነጥብ ሆናለች። ፈትለወርቅ ከአጠገቧ የምትስቅ ፊት ሥላላታለች።

«ናይጄሪያ እኮ ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት» አለች ትዝታ። «ኤስዋቲኒ ሁለት ሚሊዮን እንኳ አትሞላም። እዚያ ከአራት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ቫይረሱ አለበት።»

«ገባኝ። ከአንድ ጆንያ ድንች ሦስት ቢበሰብስና ከአራት ድንች አንዱ ቢበሰብስ ማለት ነው።»

«ሰው ድንች አይደለም፣ ፈቲ።» ትዝታ ራሷም ቁጣዋ ገረማት። ድምፅዋን አለሳለሰች። «ከመላው ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጅ መነጽር ቢያደርግ ልብ አትይውም። አራት ሆነሽ ከምትቀመጪበት ዴስክ አንዷ ብታደርግ ግን በየዴስኩ ታያለሽ። እንደዚያ በይው።»

ፈትለወርቅ ዳቦዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ? መምህር በላይነህ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አንድ ሰው። ልነግርሽ አልችልም።»

«ከእኔ?» የፈትለወርቅ ፊት ተቀየረ። «ከእኔ የምትደብቂው ነገር አለ?» ዳቦዋን ጠቅልላ ተነሥታ ሄደች።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ትዝታ ብቻዋን ክበቡ ክፍል ገባች። ቀዩን አረንጓዴ አድርጌ ላሳምረው ብላ በአረንጓዴ ማርከር ደረበችበት። የአንደኛው ዓምድ ግርጌ የክረምት ጭቃ መሰለ። ሌላ ትንሽ ጨመረችበት፣ ይብሱን የበሬ እበት ሆነ።

«እግዚኦ! እጅሽን አንሺ!» የሚል ጩኸት ከበሩ መጣ። ፈትለወርቅ ነበረች። ማርከሩን ቀማቻት። «አንቺ ቁጥር እንጂ ቀለም አይሆንልሽም። አኩርፌያለሁ፣ ግን ሥዕሌን ስትገድይው ቆሜ አላይም።»

እያኮረፈች ሣለች፣ እየሣለች ማኩረፏን ረሳች። መምህር በላይነህ መጥተው አዲሱን አርእስት አነበቡ፦ «ዓምዱ የረዘመው ሰዎች በሕይወት ስላሉ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። ቀጥለውም በጣታቸው ባዶውን ጥግ ነኩ። «አሁንም በዓመት ከሚሊዮን በላይ ሰው አዲስ ይያዛል። መድኃኒት ያላገኘም አለ። እዚህ ጋ ይጻፍ። ደስ ስላላችሁ ብቻ ቁጥር አትደብቁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የወገዳው ልጅ ግጥም አነበበና ሰው አስለቀሰ። የመካነ ኢየሱስ ልጆች አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ሴትዮዋ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ስማቸውን ተናግረው፣ ከቫይረሱ ጋር እንዴት እንደኖሩ፣ እንዴት ሦስት ልጆች እንዳሳደጉ ራሳቸው አወጉ። በወሬያቸው መካከል ቀልድ ስላለበት ሰው አንዴ ሲስቅ አንዴ ዝም ሲል ቆየ። ጭብጨባው ሲነሣ ትዝታ ወደ ወላጆች መቀመጫ አየች። እትዬ ስንዱ ከሁሉም በኋላ ነበር ማጨብጨብ ያቆሙት። ዳኛቸው አጠገባቸው ተቀምጧል።

የትዝታና የፈትለወርቅ ተራ ደረሰ። ትዝታ ዓምዶቹን አስረዳች፤ ፈትለወርቅ የዴስኩንና የመነጽሩን ነገር ስትናገር ተማሪዎቹ ወደ ጎናቸው እየዞሩ መነጽር ያደረገ ቆጠሩ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ መንግስቴ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ግሩም ነው። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሰው የለበትም። የመካነ ኢየሱሶች ሰው አምጥተዋል። እናንተስ ከዚሁ ከከተማችን፣ በዚህ ቀይ ዓምድ ውስጥ ያለ ሰው ታሪክ አታውቁም? ስም ባትጠሩም ግድ የለም። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ይህቺን ታህል ብትነግሩን ነጥባችሁ ሙሉ ነው።»

ፈትለወርቅ ዞራ ትዝታን አየቻት። ወሬው የትዝታ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ስም አልባ ቢሆን ምን አለበት? አንዲት ሴት፣ ልብስ ሰፊ፣ አሥራ ስምንት ዓመት። ንፋስ መውጫ ስንት ልብስ ሰፊ ሴት አለች? ዳኛቸው ከፊት ለፊቷ ክንዱን አጣጥፎ፣ እንደማንኛውም አድማጭ እየጠበቀ ነው።

«ሰው አለበት» አለች ትዝታ። «አርባ ሚሊዮን ሰው አለበት። እሳቸው» ወደ መካነ ኢየሱሷ ሴት ዞራ እጅ ነሣች፣ «ታሪካቸውን ራሳቸው ነገሩን። የሌላውን ሰው ታሪክ ደግሞ ባለቤቱ ሲፈቅድ እንሰማዋለን። እኔ የምናገረው ቁጥሩን ነው።»

አቶ መንግስቴ ጥቂት አሰቡና የሆነ ነገር ጻፉ። ሙሉ ነጥብ እንዳልሆነ ከእጃቸው እንቅስቃሴ ያስታውቃል።

መካነ ኢየሱስ አንደኛ ወጣ፤ እነ ትዝታ ሁለተኛ። ዕቃቸውን ሰብስበው ሲወጡ እትዬ ስንዱ በሩ አጠገብ ከዚያች ሴት ጋር ቆመው ያወሩ ነበር። ሁለቱም ይስቃሉ። እትዬ ስንዱ ትዝታን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

ሁለቱ ጓደኛሞች የተጠቀለለውን ሥዕል ጫፍና ጫፍ ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

«አውቀሽ ነው የተውሽው» አለች ፈትለወርቅ። «የምትናገሪው ሰው ነበረሽ፤ ዓይንሽ ላይ አይቻለሁ። አፍሽን ዘግተሽ ደብረ ታቦርን አስቀረሽብን።»

«አዝናለሁ፣ ፈቲ።»

«አሁንም አትነግሪኝም?»

«አልነግርሽም።»

ፈትለወርቅ ዞር ዞር ብላ ማንም አለመኖሩን አየችና ወደ ትዝታ ጠጋ አለች።

«እንግዲያው እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ትዝታ እርምጃዋን ቀነሰች።