አሚን የሚባልለት ፓስወርድ

«ያ ረቢ፣ ሐይቃችንን አታድርቅብን፣ ልጆቻችንን አትበትንብን» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ በአንድ ጣታቸው ኪቦርዱን እየለቀሙ።

«አሚን» አሉ ሳሎን የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች።

«አሚን» አለች ወንፊት ልትዋስ መጥታ በር ላይ የቆመችው ጎረቤት።

ላፕቶፑ ተከፈተ። ሀኒያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አያቷ ፓስወርዳቸውን ለሰፈር ሲያሰሙ በዚህ ሳምንት ብቻ አምስተኛ ጊዜያቸው ነው።

ጥፋቱ በከፊል የራሷ ነበር። ሼህ ኑርዬ የሽምግልና ማስታወሻቸውን በደብተር ይዘው ኖረው፣ ባለፈው ክረምት የአንድ ባልና ሚስትን እርቅ አይጥ ግማሹን በላባቸው። ከዚያ ወዲህ የሀኒያ ወንድም ትቶት የሄደውን አሮጌ ላፕቶፕ ያዙ። ላፕቶፑ ደግሞ በቫይረስ ተሞልቶ፣ አብርተውት ውዱእ አድርገውና ሰግደው ሲመለሱ ገና እየተሽከረከረ ይጠብቃቸዋል። ሀኒያ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክለብ አባልም ናት። ከመምህር አስረስ ፍላሽ ተውሳ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጣ ሊኑክስ የሚባለውን ክፍት ሶፍትዌር ጫነችበት።

«ክፍት ነው ያልሽኝ?» አሏት አያቷ ያን ቀን፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሶፍትዌሩ ነው ክፍት፣ አባባ። እንዴት እንደተሠራ የፈለገ ሰው ያየዋል፤ ስህተት ያገኘ ያርመዋል፤ ሌላውም በነፃ ይወስደዋል።»

«እና የሰው ገበና ክፍት ነገር ላይ ላስቀምጥ?»

ሀኒያ ክለብ ውስጥ የተማረችውን «ግላዊነት» የሚል ቃል ሞከረች። ሦስት ጊዜ አስደገሟትና አልገባኝም አሉ። ትንሽ አሰበች። «አናጢው ሳጥን ሲሠራ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያየው የለ? ቁልፉ ግን ያለው እርስዎ ኪስ ነው።»

ሼህ ኑርዬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንደ ሽምግልና ነው በይኛ። ሥርዓቱን አገር ያውቀዋል፤ የተባለውን ግን የተቀመጠው ሰው ብቻ።»

መምህር አስረስ በሁለት ክፍለ ጊዜ ካስረዱት የአያቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሻል ነበር። ሀኒያ ትንሽ ቅር አላት።

ከዚያ ነው ስህተቱ የመጣው። «ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ መቼም የማይረሱት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ጥሩ ነው» ብላ መከረቻቸው። እሳቸውም ላለፉት አርባ ዓመታት በየቀኑ ሲያደርጉት የኖሩትን ዱዓ መረጡ። በእንግሊዝኛ ፊደል እየለቀሙ ሲጽፉት ስክሪኑ የሚያሳያቸው ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የት እንደደረሱ የሚያውቁት ጮክ ብለው ሲሉት ነው።

«በልብዎ ይበሉት፣ አባባ» ብላ ለምናቸው ነበር።

«በልቤ ብዬው ማን አሚን ሊለኝ?»

እንግዲህ ሀኒያ ክለቡ ውስጥ «እኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ነው፤ ወላሂ ዝንብ አትገባበትም» እያለች ስትኩራራ የነበረው ይህንኑ ላፕቶፕ ነው። ሙድ የምትይዝባት ጓደኛዋ ሳጂዳ ነበረች።

«ፋራ አትሁኚ። የምደብቀው ለሌለኝ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልኛል? ስልኬን የፈለገ ያንብበው» ትላለች ሳጂዳ። አፕ ሁሉ ኮንታክትሽን ልይ፣ ፎቶሽን ልይ ሲላት ሳታነብ እሺ ነው መልሷ።

ቅዳሜ ከሰዓት ያቺው ሳጂዳ መጣች። ሼህ ኑርዬ አስር ለሚባለው ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«አባባ የሉም አይደል?» አለች ሳትቀመጥ።

«የሉም። ምን ሆነሻል?»

«ሐሙስ እማዬና አባዬ እዚህ መጥተው ነበር።»

ሀኒያ ታውቃለች። ውሃ ያቀረበችላቸው እሷ ናት። የሳጂዳ አባት ባድሩ አንድ ወር ሙሉ ውጫሌ ከተማ ሱቁ ውስጥ እያደረ ነው፤ እናቷ ራህማ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ «ሥራ በዝቶበት» ትላለች።

«ሊፋቱ ነው?» አለች ሳጂዳ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ብጠይቃት ‹ሂጂ አጥኚ› ትለኛለች። ለእሱ ብደውልለት ‹አብሽሪ፣ አታስቢ› ይለኛል። አባባ ግን ጽፈውታል። ክፈችልኝ።»

«አልችልም።»

«ዝንብ አትገባበትም ስላልሽ ነው? እኛ ዝንብ አይደለንማ። ፓስወርዱን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ጓደኛዋ እንደዚህ ሆና አይታት አታውቅም፤ አንጀቷን በላቻት። አንድ ገጽ ብቻ፣ አለች በልቧ፤ ማን ያየናል? ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ነጥቦቹ ተደረደሩ። ወዲያው የት እንደደረሰች ጠፋባት። አጠፋችና እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን ሳታስበው አፏም ከጣቷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

«ያ ረቢ… ሐይቃችንን አታድርቅብን… ልጆቻችንን አትበትንብን…»

«አሚን» አለ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። ሙንተሲር ነው፤ ባጃጁን ሁልጊዜ ግድግዳቸው ሥር እያቆመ የሚያጥበው።

«ሼህ ኑርዬ፣ ድምፅዎ ቀጠነብኝ፤ ጉንፋን ያዘዎት እንዴ? አላህ ያሽርልን» አለና በጨርቁ መጥረጉን ቀጠለ።

ሳጂዳ አፏን ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም። «ተጫኚው» አለች በሹክሹክታ። «ኢንተሩን ተጫኚው።»

የሀኒያ ጣት ኢንተር ላይ ቀረ። «ከተጫንኩት እኔም ማንበቤ ነው።»

«አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ማን ያነብልሻል ታዲያ? አባባ በቃልና በቃል መካከል ቦታ አይተዉም። የሳቸውን ጽሑፍ የምፈታው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሳጂዳ ቀና አለች። ዓይኖቿ ከስክሪኑ ወደ ሀኒያ፣ ከሀኒያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ሙንተሲርም ያውቀዋል?»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።»

«ፓስወርድ መሆኑንም?»

«እሱን እንኳ አያውቁም» አለች ሀኒያ፤ ቀጥላም «መሰለኝ» አለች። ጣቷን ከኢንተር አነሳችና ማጥፊያውን ተጭና ያዘች። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሳጂዳ ስታያቸው ቆየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልተናደደችም። ተናድዳ ቢሆን ለሀኒያ ይቀላት ነበር።

ሼህ ኑርዬ ከመስጊድ ሲመለሱ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ነው ወሬ የጀመሩት። «ሙንተሲር ምን ነካው? መንገድ ላይ ቆሜ ሰላም ስለው ‹አሁን ቤት ዱዓ ሲያደርጉ ሰምቼዎት፣ በየት በኩል ወጡ?› ይለኛል።»

ሀኒያ ተነሳች። እውነቱን ሳትናገር ብትቀር እንኳ ነገሩ በሙንተሲር አፍ አገር እንደሚዞር ታውቃለች። ግን የተናገረችው ለዚያ አልነበረም፤ አፈረች። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ላፕቶፕዎን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩትም፤ ግን ልከፍት ነበር።»

«እኔ ነኝ የለመንኳት» አለች ሳጂዳ።

ሽማግሌው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ካዩ በኋላ ከሳጂዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልተቆጡም።

«እናትና አባትሽ ያሉትን አልነግርሽም፣ ልጄ። አንቺም አንድ ነገር ብትነግሪኝ ለነሱ አልነግርም።»

ሳጂዳ አቀረቀረች።

«ግን አራት ሽማግሌ ተሰብስበን፣ አንቺን የጠየቀሽ የለም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «በቤቱ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ይሄ የኛ ጥፋት ነው። ማክሰኞ እንደገና እንቀመጣለን። ቀደም ብለሽ መጥተሽ የልብሽን ትነግሪኛለሽ?»

ሳጂዳ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። «የምለውን ይጽፉታል?»

«ከፈቀድሽ።»

«ይጻፉት» አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። «ግን መጀመሪያ ያንን ፓስወርድ ይቀይሩት።»

ሀኒያ ሳቋ አመለጣት። ሳጂዳ በክርኗ ጎሸመቻት።

ሀኒያ የፓስወርድ መቀየሪያውን ከፍታ ወንበሩን ለአያቷ ለቀቀችላቸው። «እዚህ ጋ አዲሱን ይጻፉ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቅዎት። እኛ ውጭ ነን።»

«ብረሳውስ? እኔ እንደሆን ዕድሜ ተጫጭኖኛል። ላንቺ ልንገርሽና አንቺ ያዢልኝ።»

ሀኒያ በሩ ላይ ቆመች። ሊኑክሱን የጫነችውም ላፕቶፑን የምታስተካክለውም እሷ ናት፤ ይህን በመቻሏ ደግሞ ክለቡ ውስጥ ስንት ጊዜ ኮርታለች።

«አይንገሩኝ፣ አባባ» አለች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ከሳጂዳ ጋር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከውስጥ የኪቦርዱ ድምፅ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ ይሰማል። የሰው ድምፅ የለም። ሙንተሲር ጨርቁን እየጨመቀ ቀና አለ። «ዛሬ ዱዓ የለም እንዴ?»

«አለ። በልባቸው ነው» አለች ሀኒያ።

ኪቦርዱ ዝም አለ። አያቷ ምን እንዳሉ አላወቀችም፤ አንድ ሰው ግን ሊመልስላቸው ይገባ ነበር።

«አሚን» አለች ቀስ ብላ።

ኪቦርዱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለቱም ጠበቁ። በሁለተኛው «አሚን» ያለችው ሳጂዳ ናት።