የሰርኬ አጥር

«ደግሞ በላሽ!» አሉ አባባ መኳንንት ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ሰርኬን ሲያለማምዱ፣ እጇን ገና ከሰንጠረዡ ጨርቅ ላይ ሳታነሳ። «አሁንም ቀድመሽ በላሽ!»

«ክፍት ነበራ!» አለች ሰርኬ። የበላችውን መደቅ፣ ያቺን ትንሽ ጠጠር፣ መሬት ላይ ወረወረቻት።

አባባ መኳንንት የአባቷ አጎት ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ፣ ከወይራው ሥር ለሚሰበሰቡት ተጫዋቾች ንጉሥና ፈረስ በጠጠር የሚሰለፍበትን የሰንጠረዥ ጨዋታ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ከነዚያ መካከል ብቸኛዋ ልጃገረድ ሰርኬ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ብዙዎቹን መርታት ጀምራለች። ገብረወልድን ግን አንድም ቀን ረትታው አታውቅም።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በእጃቸው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። ሰርኬ ወረራውን አስረዝማ አታውቅም። ገብረወልድን ፊት ለፊቷ ስታይ ደሟ ይፈላል፤ ያገኘችውን ትበላለች፤ ሠራዊቷ ሳይሰለፍ ጦርነቱ ይጀመርና ወዲያው ትሸነፋለች።

ደሟ የሚፈላው በከንቱ አይደለም። ገብረወልድ የኬላው ጣሊያኖች አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ወር የጎረቤታቸውን የጉታን ቤት በጣቱ ያሳየው እሱ ነው። ጉታን ወሰዱት፤ ቤቱን አቃጠሉት፤ ሚስቱ ጉዲቱ ጥቁር ለብሳ ቀረች። በሳምንቱ እሑድ ገብረወልድ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ተነሥቶ የሄደ ሰው አልነበረም። ሰርኬን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይኸ ነው።

«ስሚኝ» አሉ አባባ መኳንንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ አጥር ነው የምትሠሪው። መደቆችሽ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አያይዣቸው፤ ፈረሶቹን ከኋላቸው፣ ንጉሡን ጥግ። ገብረወልድ ቀድሞ ይብላ።»

«አጥር የፈሪ ነው!»

«አምሐ ነገ ነው የሚያልፈው።»

አምሐ የሰርኬ ታላቅ ወንድም ነው። አርበኛ ነው፤ ቁስሉ እስኪሽር ከጎተራው ጀርባ ተደብቆ ሰንብቷል። ነገ ማዶ መንደር ለቅሶ ከሚደርሱ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ በኬላው በኩል ወደ መናገሻ ጫካ ሊመለስ ነው። ወታደሮቹ አያውቁትም። እዚያ መልኩን የሚለየው ገብረወልድ ብቻ ነው።

«ለቀስተኞቹን የምትወስደው ጉዲቱ ናት። ተመልሳ በወይራው በኩል ካለፈች አምሐ አልፏል ማለት ነው። እስከዚያ ሰውየው ከመቀመጫው እንዳይነሣ። ባንቺ አጨዋወት ከሆነ ግን ገና ሳንቀመጥ ጨርሶሽ ኬላው ላይ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አይገጥሙትም?»

«ከኔ ጋር አይቀመጥም። እንደምረታው ያውቃላ! እሱ የሚወደው አንቺን ማሸነፍ ነው።»

ነገሩ እውነት ስለሆነ የባሰ አናደዳት።

በማግስቱ ገብረወልድ የኬላውን ጣሊያን ሹም አስከትሎ መጣ። «ጌታው ጨዋታችንን ሊያዩ ነው» አለና ከሰርኬ ፊት ተቀመጠ። «ነይ እስቲ፣ እንደ ልማድሽ ቶሎ እንጨርሰው።»

ወረራው ተጀመረ። ሰርኬ መደቆቿን አንዱን ካንዱ ማያያዝ ያዘች። ገብረወልድ እየሣቀ ፈረሱን አምጥቶ አፍንጫዋ ሥር ገተረው። የሚጠብቀው ጠጠር አልነበረም።

«ወንድምሽስ? ጫካው አልበረደውም? ብቅ አይልም እንዴ?»

ተመልካቾቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የሰርኬ እጅ ወደ ፈረሱ ሄደ። እሱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም ጠጠሩንም ጠቅልላ ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ፈለገች። ጣቶቿን ጨበጠች፤ ጥፍሯ መዳፏን ወጋት። ከዚያ እጇን መልሳ ከጥግ ያለችውን መደቅ ወደፊት ገፋች።

«ምን ነካሽ ዛሬ? ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለች። በሕይወቷ እንደዚህ የመረራት ቃል አልነበረም።

ጥላው ዞረ። ሹሙ አዛጋ። ገብረወልድ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ሞከረ፤ አጥሩ ቀዳዳ የለውም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ ቀድሞ በላ። በተራ መጫወት ሲጀምሩ ግን አንድ በበላ ቁጥር ሁለት ይበላበት ጀመር። ግንባሩ አላበው። ሹሙ ነቃ ብሎ ጎንበስ አለ፤ በቋንቋው የሆነ ነገር ተናገረና ሣቀ።

ያን ጊዜ ጉዲቱ ከቁልቁለቱ ብቅ አለች። ገብረወልድን አየችው። ፊቷ ድንጋይ ሆነ፤ እርምጃዋን ሳትለውጥ በወይራው አጠገብ አልፋ ሄደች።

አምሐ አልፏል።

ሰርኬ ዓይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች። የገብረወልድ ንጉሥ ብቻውን ነው። ፈረሷን አንዴ ብታነሳ፣ ከዚያ አንዴ ብትደግም፣ ጌታው ፊት ያልቅለታል። የወሩ ንዴት ሁሉ ጣቶቿ ጫፍ ላይ መጣ። አሁንስ ማን ይከለክላታል?

ደግሞ አሰበች። ዛሬ ካዋረደችው ሁለተኛ ከሷ ጋር አይቀመጥም፤ እሑድ እሑድ ኬላው ላይ ይቆማል። ጫካ ያሉት ጨው ይፈልጋሉ፣ መድኃኒት ይፈልጋሉ። የሚያደርስላቸው ሰው በኬላው ማለፉ አይቀርም።

ፈረሷን ተወችው። የራሷን ንጉሥ ከጥጉ አውጥታ ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ አቆመችው። አባባ መኳንንት ቀና ብለው አዩዋት።

ገብረወልድ ብዙም ሳይቆይ ረታት። ዘሎ ተነሣና ለሹሙ በጣሊያንኛ እየተረከ ሣቀ። «አይዞሽ» አላት ጨርቁን እየረገጠ። «ማሻሻልሽስ አልቀረም። ዛሬ እንኳ አስቸግረሽኛል።»

ሰርኬ ጠጠሮቹን ለቀመች። ጥርሷን ከመንከሷ የተነሣ መንጋጋዋ ያማት ነበር።

«የሚመጣው እሑድ ይመጣሉ?» አለችው።

«እመጣለሁ እንጂ! ምን ገዶኝ?»

«እኔም አለሁ» አለች።