ሄዘር ማናት?

አቶ ወንድይራድ የሞቱት በገዛ ጋራዣቸው ውስጥ፣ የላስ ቬጋሱ ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ፀሐይ አስፋልቱን ሊያቀልጠው በደረሰበት የፈረንጆቹ 2021 ነሐሴ ቀትር ላይ ነው። ሻንጣቸው አጠገባቸው ነበረ። መርማሪዋ ትብለጥ ስትደርስ ባለቤታቸው እትዬ ገንዘቤ አንዲት እንባ አላነቡም፤ ሐበሻ ፖሊስ መምጣቷን ሲያዩ ግን እጇን ያዙ።

«ማን ገደለው አልልሽም፤ ሄዘር የምትባለው ማን እንደሆነች ብቻ ፈልጊልኝ» አሏት።

ጉድ እኮ ነው! ሬሳው ሳይነሳ የቅናት ጥያቄ። ትብለጥ ግን አልፈረደችባቸውም፤ አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚጠይቀውን ያውቃል ብላ ወደ ጋራዡ ገባች።

ትልቁን በር በኤሌክትሪክ የሚያነሳው ሞተር ሶኬት ከጣሪያው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ እግር የታተመበት፣ አቧራ የለበሰ ወንበር አለ። ወደ ቤት የሚያስገባው ትንሹ በር ራሱን ዘግቶ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ሟቹ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀይ ገመድ ስበው በሩን በእጃቸው ሊያነሱ ታግለዋል፤ የታመመ ልባቸው ግን አልቻለም። ስልካቸው ሳሎን ቻርጅ ላይ፣ የቤት ቁልፋቸውም አጠገቡ ቀርቷል። ታክሲያቸው መስተዋት ላይ ሰው የሌለበት፣ ሐምራዊ ቀለም የለበሰ ኮረብታ ፎቶ ተሰቅሏል። ሻንጣው ውስጥ ሁለት የዝናብ ካፖርትና ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ ተገኘ፤ አንደኛው ጥንድ የሴት ነው። ትብለጥ እጇን በዚያ ጥንድ በግራው ቦት ውስጥ ከታ ትንሽ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው።

ከሟቹ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስት፣ ልጅና ጓደኛ። ጓደኛው ጋሽ ኤልሳዕ፣ ከሱዳን የስደት ዘመን ጀምሮ የማይለያቸው፣ አፋቸውን ለመክፈት ብዙ ተለመኑ።

«‹ሄዘርን ሳላያት አልሞትም› ይለኝ ነበር። አምና ሊሄድ ሲል ኮሮና ዘጋበት። የት ናት ስለው ‹ስኮትላንድ› ይልና ይስቃል። የሰው ትዳር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ናኦሚ ደግሞ የምትደብቀው አልነበራትም።

«ማሚ ‹ሄዘር ምንድን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። የሴት ስም ነው አልኳት። ሃይስኩል ሁለት ሄዘር ክላሴ ውስጥ ነበሩ። ለምን እንደጠየቀችኝ ቼክ አላደረግሁም።»

በሰልስቱ ለቀስተኛው ሲበተን ትብለጥ ሦስቱን ሳሎን አስቀረቻቸው። ቦት ጫማዎቹን በፌስታል ይዛ መጥታለች።

«ሶኬቱን የነቀለው ሰው ጋሽ ወንድይራድን ሊገድል አላሰበም» አለች። «መኪናው እንዳይወጣ፣ ፕሌኑ እንዲያመልጣቸው ነው የፈለገው። ትንሹ በር ከኋላቸው ሊቆለፍ እንደሚችል አላስታወሰም። ወንበሩ ላይ የቀኝ እግር ኮቴ ሙሉ ነው። የግራው ግን የጣት ብቻ ነው። ግራ እግሩ አጠር የሚል ሰው በባዶ እግሩ ሲንጠራራ እንደዚያ ነው የሚቆመው።»

ማንም ወደ እትዬ ገንዘቤ እግር አላየም። ማየት አያስፈልግም ነበር፤ ማንከሳቸውን ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ሄዘር፣ ሄዘር ሲል ሰምቼው ነበር፤ ሺፍት ከመግባቴ በፊት ሻንጣውን ከፍቼ የሴት ጫማ አየሁ። ነቀልኩት። ማታ ስመለስ እንጣላለን፣ ይወጣልኛል ብዬ ነው። እሰሪኝ፤ ግን መጀመሪያ ንገሪኝ። ማናት?»

ትብለጥ ምነው ያን ቤት ባልረገጥኩ ብላ ተመኘች። ሆኖም ሴትዮዋ ሌላ ምንም አልጠየቋትም።

«ሴት አይደለችም፣ እትዬ። አበባ ናት። ነሐሴ ሲመጣ የስኮትላንድን ኮረብታ ሐምራዊ ታለብሰዋለች። ታክሲው ውስጥ ያለው ፎቶ እሷ ነች። ጋሼ ስለወደዷት ‹አያታለሁ› አሉ፤ እኛ የወደድነውን ነገር ሁሉ ሴት እናደርገዋለን።»

ናኦሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አበባም እኮ ነው» አለች። «ማሚ፣ አውቅ ነበር። አልመጣልኝም።»

«ታዲያ ጫማው የማን ነው?» አሉ እትዬ ገንዘቤ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

ትብለጥ እትዬ ገንዘቤ የሚሠሩበት ልብስ ማጠቢያ ደውላ አለቃቸውን ጠይቃለች። አቶ ወንድይራድ ለሚስታቸው በድብቅ ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ ከሥራ በር ላይ ተቀብለዋቸው በዚያው ኤርፖርት ሊሄዱ ነበር። ተንበርክካ የግራውን ቦት እግራቸው ሥር አስቀመጠችላቸው።

እትዬ ገንዘቤ አጠለቁት። ውስጡ ወፍራም ሶል ተጨምሮበታል። ባላቸው ብቻ በሚያውቁት ልክ ተቆርጦ፣ በእጅ የተለጠፈ ነው። የቀኙንም አድርገው ብድግ አሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ልኬ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።