ተሻለን ያሉ እንግዶች

የላቦራቶሪው ረዳት ረድኤት ታማሚዎች ማታ የሚያጠልቁትን የእንቅልፍ ቆብ ልትሰበስብ ስትገባ ጋሽ ለሜሳ አልጋቸውን እያነጠፉ ነበር።

«ይተዉት ጋሼ።»

«ልታስወጡኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! አልጋው ራሱን ያነጥፋል ማለቴ ነው።»

ሳቁ። ዓይናቸው ግን በርበሬ መስሏል።

ሆራ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው ይህ ላቦራቶሪ እንቅልፍ ያጡ አዋቂዎችን ይቀበላል። ማታ ማታ የአንዱ ክንፍ ግድግዳ ካናቢኖይድ፣ ማለትም ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር ያለበት ጭጋግ ይተነፍሳል። የሌላው ክንፍ ግን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ተን ነው፤ ታማሚዎቹ የትኛውን እንደሚስቡ አያውቁም። ሲነጋ ቆቡ በለሰለሰ የልጃገረድ ድምፅ «እንቅልፍዎ ተሻሻለ ወይ?» ይላል። ያው ቆብ የአንጎልን ሞገድ ማንበብ ይችል ነበር፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኢዮስያስ ግን «ሰውየው ራሱ ከነገረን ምን ያደርግልናል?» ብለው አስጠፍተውታል።

የጋሽ ለሜሳ ቆብ አረንጓዴ በርቷል። ድነዋል ማለት ነው፤ አብራሪ ናቸውና ከሰዓት በኋላ የሚበረውን አውቶቡስ ሰው ሞልተው ያነሣሉ።

«እውነት ተኝተዋል ጋሼ?»

ወደ ሐይቁ ዞር አሉ። «አንቺንስ አልዋሽም። ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ታዲያ ለምን ተሻለኝ አሉ?»

«ልጄ፣ ሰው ቤት አድሮ አልጋችሁ ጎረበጠኝ ይባላል? ደግሞ ያቺ ቆብ ውስጥ ያለችው ልጅ… አልተኛሁም ብላት የሚቆጧት መሰለኝ።»

ረድኤት ሌሎቹንም ዞራ ጠየቀች። በሁለቱም ክንፍ እውነት እንቅልፍ የወሰዳቸው ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት እንግድነታቸውን ነው የተወጡት። ማሽን ሰውን እንዳይዋሽ ስንት ሊቅ ደክሟል፤ ሰው ለማሽን አዝኖ ይዋሻል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

የረድኤት ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። የዶክተሩ ቢሮ ስትገባ ግን ጮክ ብላ ተናገረች።

«ባዶ ተን የሳቡትም እኮ ተሻለን ብለዋል!»

«እነሱን ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባናቸውም።»

«ለምን?»

«ውጤቱን ያበላሻሉ። አንቺ ደግሞ መቼ ነው አፍ ያወጣሽው?»

«መድኃኒቱ ይሠራ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል፤ እኛ ግን አናውቅም! የለካነው እንቅልፋቸውን አይደለም፣ ይሉኝታቸውን ነው። በዚህ ነው እንግዲህ እንቅልፍ ያጣውን ሁሉ ገንዘቡንም ተስፋውንም የምንቀበለው? ጋሽ ለሜሳ ሳይተኙ ሰው ጭነው ሊበሩ ነው!»

«ራሳቸው ድኛለሁ ካሉ፣ አንቺ ማነሽ?»

ረድኤት ወደ ጋሽ ለሜሳ ተመልሳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እውነቱን ከተናገሩ ሥራቸው እንደሚቀርም አልደበቀችም።

«ያንን ሁሉ ሰው ይዤ ልውደቅ እንዴ!» አሉ ጋሽ ለሜሳ። ቆቡን ተቀብለው አጠለቁ። «አትቀየሚኝ ልጄ» አሉት ለድምፁ፣ «አልተኛሁም።»

መብራቱ ቀይ ሆነ። የከሰዓቱ አውቶቡስ በሌላ አብራሪ ተነሣ፤ ጋሽ ለሜሳና ረድኤትም በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ።