በቅጠሉ መሃል ያለችው ነብር

የልጅ ልጄ ያንን ለሳኝ ምኑን አይታ አገባችው? ዓመት ሙሉ ራሴን ጠየቅሁ።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሠዓሊ ሆነች። የእናቶች ክሊኒኩን የውጭ ግድግዳ እንድትስል ሲመርጧት፣ ግድግዳውን የለሰነው እሱ ነበር፤ እስከ ሽፋሽፍቱ ኖራ የለበሰ፣ ሰላም ሲል እንኳ አቧራ የሚረግፍበት።

«ቀለም እንዳታስነኪው፣ እርጥብ ነው» አላት። «ይላጥብሻል።»

«ስንት ቀን?»

«ሃያ።»

«ሃያ ቀን ምን ልሠራ?»

«እኔ ምን እሠራለሁ? አብረን ቁጭ እንላለን።»

ሳቀች። ሃያ ቀን ሙሉ ደርቆ እንደሆነ እያሉ ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ከረሙ። ግድግዳ አሉት እነሱ። እኔ ዕውር አይደለሁም።

ለእሷ ያሰብኩት ክሊኒኩን የሚያሠራውን የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ ነበር፤ ክራቫት የማይለየውን፣ ጫማው የሚያበራውን።

ሥዕሉ አለቀ ተባለና ሄድኩ። ፀጉሯ ዛፍ፣ ቀሚሷ ወንዝ የሆነ ሴት። ሴትነት ይሄ ከሆነ እኔ ሳልሆነው አረጀሁ። ከጀርባዋ፣ በቅጠሉ መሃል፣ ነብር አድፍጣለች።

«ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?»

«ትጠብቃታለች የሚል አለ፤ ልትበላት ነው የሚልም አለ» አለችኝ መሬት መሬት እያየች።

የነብሯ የግራ ዓይን ቆብ ወረድ ብሏል። ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ የማየው የገዛ ዓይኔ ነው።

በማግስቱ ጸሐፊው ቢሮ ገባሁ። «እርጉዞችን ያስደነግጣል፤ ይጥፋ» አልኩት።

«እማማ፣ ሐሳብ አይግባዎት» አለና ለሳኙን በኖራ እንዲያጠፋው አዘዘው።

«እሷ ሳትለኝ አልነካውም» አለ ያ ግትር። ከሥራ አባረረው። ጸሐፊው ከነክራቫቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ራሱ ቀባ፤ ነብሯን አጠፋ፣ የሴትየዋንም ግማሽ ፊት ጨመረበት። ብሩሽ መያዝ እንኳ የማያውቅ።

የልጅ ልጄ ምሳ ሰዓት ላይ ገባች።

«እማማ፣ አንቺ ነሽ ያስጠፋሽው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው። ያ ኖራም...»

«የነብሯን ዓይን ክፉ አድርጌ ነበር መጀመሪያ የሳልኩት። ‹አያትሽ እኮ ስለሚሳሱልሽ ነው፤ አለስልሺው› ብሎ ያስቀየረኝ እሱ ነው።»

«ለሳኝ ስለ ዓይን ምን ያውቃል?» አልኳት።

ብሩሾቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ልብሷን በቦርሳ ከተተች። ሳህኗን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

በሩን ከፍታ ወጣች። ወደ ለሳኙ ቤት ሄደች፤ ያገባችውም ከዚያ ወዲህ ነው።